ማጉላትና መለየት፦ የብርሃን ሞገድነት በማይክሮስኮፕና በቴሌስኮፕ ላይ የጣለው ወሰን



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ አንድ ሺህ ጊዜ ማጉላት ከቻለ፣ ሌላ ሌንስ ጨምረን አሥር ሺህ ጊዜ እንዲያጎላ ማድረግ ለምን አይቻልም? መልሱ «ይቻላል» ነው። ነገር ግን ከአንድ ልክ በኋላ የሚጎላው ብዥታው ብቻ ይሆናል። ማጉላት ምስልን ማስፋት ነው፤ መለየት ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች በእርግጥ ሁለት መሆናቸውን ማሳየት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ማይክሮስኮፕ ሲገዛ ይታለላል፤ ሲጠቀምበትም ሊያየው የሚገባውን ሳያይ ይቀራል።

ብዥታው የሌንስ ሠሪው ስንፍና ያመጣው ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረን። ሆኖም ሌንሱ አንዳች እንከን ባይኖርበት እንኳ ብዥታው ይቀራል። ምክንያቱ ብርሃን ሞገድ መሆኑ ነው። ሞገድ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወይም ጠርዝ ሲነካ ቀጥተኛ መንገዱን ትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ ይህን ክስተት ዲፍራክሽን ብሎ ሰየመው፤ መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1665 ታተመ።

ክስተቱን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ማታ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታችሁ፣ በጨርቁ አሻግራችሁ ራቅ ያለ የመንገድ መብራት ተመልከቱ። በመብራቱ ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ትናንሽ ብርሃናት ታያላችሁ። እነዚህን የፈጠራቸው በድሩና በማጉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ልብ ልትሉት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክሮቹ ይበልጥ ተቀራርበው በተሸመኑ ቁጥር ብርሃናቱ ይበልጥ ይራራቃሉ። ደቃቅ ነገር ብርሃንን በሰፊ ማዕዘን ይበትናል። ይህችን አንዲት ሐሳብ ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

የቴሌስኮፕን ጉዳይ በአጭሩ ልለፍ። የሌንስ ወይም የመስታወት ክብ አፍ ራሱ ቀዳዳ ስለሆነ፣ የኮከብ ምስል ነጥብ ሳይሆን በደብዛዛ ቀለበቶች የተከበበች ትንሽ ክብ ብርሃን ናት። ጆርጅ ኤሪ በ1835 መጠኗን አሰላ። ሎርድ ሬይሊ ደግሞ በ1879 ሁለት ኮከቦች ተለይተው የሚታዩበትን መስፈርት አስቀመጠ፤ የሞገዱ ርዝመት በ1.22 ተባዝቶ ለአፉ ስፋት ሲካፈል ትንሹ የሚለይ ማዕዘን በራዲያን ይገኛል። 3 ሚሊሜትር ለተከፈተ የዓይናችን ብሌን፣ በአረንጓዴ ብርሃን፣ ውጤቱ ከአንድ ደቂቃ ማዕዘን ጥቂት ያንሳል። የጤናማ ዓይን ጥራትም ከዚያው አካባቢ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ላሉት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ስሌቱ 0.14 ሰከንድ ማዕዘን ይሰጣል። ይሁን እንጂ የከባቢ አየር መናወጥ ምስሉን ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ስለሚያደበዝዘው፣ በምድር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ወደዚህ ወሰን አይደርስም። ሐብል ወደ ጠፈር የተላከበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው ታሪክ የማይክሮስኮፕ ነው። በዬና ከተማ ካርል ዛይስ የተባለው መሣሪያ ሠሪ ሌንሶቹን በሙከራና በልምድ ያዘጋጅ ነበር። ሥራው በስሌት እንዲመራ ስለፈለገ በ1866 ወጣቱን የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤን ጋበዘ። አቤ የሌንሶችን ግድፈት ለመቀነስ ለብርሃን ያላቸውን አፍ አጠበበ። የጠበበ አፍ ያለው ሌንስ ግድፈቱ አነስተኛ እንደሚሆን በጊዜው የሚታወቅ ነበር። ውጤቱ ግን ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ በስሌት የተሠሩት አዳዲስ ሌንሶች በልምድ ከተሠሩት አሮጌዎች ያነሰ ዝርዝር አሳዩ።

አቤ ከዚህ እንቆቅልሽ ያወጣው መልስ በ1873 ታተመ። ናሙናውን እንደ ጃንጥላው ጨርቅ አየው። በናሙናው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መስመሮች ብርሃኑን ይበትኑታል፤ በደቀቁ ቁጥርም የሚበትኑበት ማዕዘን ይሰፋል። ስለዚህ የደቃቁ ነገር ዜና የሚጓዘው በሰፊው ማዕዘን በሚሄደው ብርሃን ላይ ነው። የሌንሱ አፍ ጠባብ ከሆነ ያ ብርሃን ከሌንሱ ውጭ ያልፋል፤ ሌንሱ ያልተቀበለውን መልእክት ደግሞ ሌላ ሌንስ መልሶ ሊያነበው አይችልም። መስመሮቹ በናሙናው ላይ አሉ፤ በምስሉ ላይ ግን ወጥ የሆነ ብርሃን ብቻ ይታያል።

የሚገርመው አቤ በዚያ ጽሑፉ አንድም የሒሳብ ቀመር አልጻፈም፤ ሕጉን በቃላት ነበር የገለጸው። ዛሬ ቀመሩ በዬና በቆመለት መታሰቢያ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እኔም የእርሱን መንገድ ልከተል። ሌንሱ ከናሙናው የሚቀበለውን የብርሃን ሾጣጣ ግማሽ ማዕዘን ውሰዱ፤ የማዕዘኑን ሳይን በሌንሱና በናሙናው መካከል ባለው ነገር የስብረት መጠን አባዙ። ይህ ኑሜሪካል አፐርቸር ይባላል፤ በሌንሱ ጎን ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ለዚህ ቁጥር እጥፍ ሲካፈል፣ የሚለየው ትንሹ ርቀት ይገኛል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ እንግባ። 40 ጊዜ የሚያጎላው የተለመደ ደረቅ ሌንስ ኑሜሪካል አፐርቸሩ 0.65 ነው። ለ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ወሰኑ 420 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። 100 ጊዜ የሚያጎላው የዘይት ሌንስ ቁጥሩ 1.25 ሲሆን ወሰኑ 220 ናኖሜትር ነው። አየር የስብረት መጠኑ 1 ስለሆነ፣ ሳይንም ከ1 ስለማይበልጥ፣ ዘይት የሌለው ሌንስ ምንም ያህል ቢራቀቅ ከ1 ሊያልፍ አይችልም። የዘይቱ የስብረት መጠን ግን 1.515 አካባቢ ነው። ያቺ የዘይት ጠብታ ሌንሱን ከጭረት የምትጠብቅ የሚመስላቸው ተማሪዎች ያጋጥሙኛል፤ ጠብታዋ የመሣሪያው የኦፕቲክስ አካል ናት።

ልዩነቱ በሕሙማን ሕይወት ላይ የሚታይ ነው። በአገራችን ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የተባሉት የወባ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ሕክምናቸው አንድ አይደለም። የፋልሲፓረም ቀጭን ቀለበት፣ በቫይቫክስ በተያዘው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚታዩት ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ ሁሉም ወደ ወሰኑ የተጠጉ ዝርዝሮች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ውፍረቱ ከግማሽ ማይክሮሜትር ብዙም አይርቅም። ሮበርት ኮኽ ይህን ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1882 በበርሊን ያስታወቀው በዬና የተሠራውን የዘይት ሌንስና የአቤን ኮንደንሰር ከታጠቀ በኋላ ነው።

ስለ ኮንደንሰሩ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉ የበለጠ የሚዘነጋው እርሱ ነውና። ያነሣሁት ወሰን የሚሠራው ናሙናው ራሱ በሰፊ የብርሃን ሾጣጣ ሲበራ ነው። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ብቻ ከመጣ ወሰኑ በእጥፍ ይበላሻል። ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጎ፣ ዲያፍራሙን ጨርሶ ዘግቶ የሚሠራ ሰው ጥቁርና ነጩ ደመቅ ብሎ ስለሚታየው ምስሉ የጠራ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ውድ የሆነውን የዘይት ሌንስ ወደ ርካሽ ሌንስ ደረጃ አውርዶታል። «2000 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ የሚሸጥ ማይክሮስኮፕም እንዲሁ ነው። ጠቃሚው ማጉላት በተለምዶ የኑሜሪካል አፐርቸሩን 1000 እጥፍ አያልፍም፤ ለ1.25 ሌንስ 1250 ማለት ነው። የቀረው ባዶ ማጉላት ነው። ስትገዙ መጀመሪያ የምታነቡት የትኛውን ቁጥር እንደሆነ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

ቫይረሶችስ? ብዙዎቹ 100 ናኖሜትርና ከዚያ በታች ስለሆኑ ቅርጻቸው በዚህ መንገድ አይታይም። አንዱ መውጫ የሞገዱን ርዝመት ማሳጠር ነው፤ ከ1931 ጀምሮ የተገነባው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያደረገው ይህንን ነው። ሌላው መውጫ በ2014 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ተሸላሚዎቹ ኤሪክ ቤትዚግ፣ ሽቴፋን ሄልና ዊሊያም ሞርነር ነበሩ። ከመንገዶቹ አንዱን በምሳሌ ላስረዳ። በደመራ ምሽት አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ጧፍ ሲያበራ ከሩቅ ተራራ ሆናችሁ ብታዩ፣ አንድ የብርሃን ባሕር እንጂ ጧፎቹን ለይታችሁ አታዩም። ጧፎቹ በየተራ ቢበሩ ግን የእያንዳንዱን ብዥታ መካከል እየወሰናችሁ በካርታ ላይ ማስፈር ትችላላችሁ። ከአንድ የሚያበራ ሞለኪውል 100 ፎቶን ከተሰበሰበ የመካከሉ ግምት ከብዥታው ስፋት አሥር እጥፍ ገደማ ይጠራል። አቤ አልተሻረም፤ እያንዳንዷ ብዥታ እርሱ ካሰላት አላነሰችም። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ለአንድ ምስል በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ያስፈልጋሉ፤ ሕያው ሕዋስ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም።

በአዳራሹ መውጫ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ማይክሮስኮፕ ተዘጋጅቷል። በሥሩ በአንድ ሚሊሜትር 600 መስመሮች የተሠመሩበት ግሬቲንግ አለ፤ ኦብጄክቲቩ 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ ኑሜሪካል አፐርቸሩ 0.25 የሆነ ነው፤ የዓይን ሌንሱ 15 ጊዜ ያጎላል፤ ብርሃኑም በአረንጓዴ ማጣሪያ ያልፋል። ትኩረቱን ሳትነኩ ዲያፍራሙን ብቻ ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ መስመሮቹ ይጠፋሉ። መልሳችሁ ክፈቱት፤ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።