ጭንቀት በጥርስና በድድ ላይ

ለወራት ወይም ለዓመታት የዘለቀ ጭንቀት ጥርስን በቀጥታ አያበሰብስም። ጥርስን የሚቦረቡረው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው፤ ድድም በአብዛኛው የሚታመመው በጥርስ ሥር በሚጋገረው ቆሻሻ ነው። የጭንቀት ድርሻ አፍን ከእነዚህ የሚጠብቁትን ማዳከም ነው፤ ምራቅን፣ የሰውነትን የመከላከል አቅምንና የጽዳት ልማድን። ከራሱ የሚያመጣው ጉዳት ቢኖር ጥርስ ማፋጨት ነው።

ሰው ሲጨነቅ አንጎል ከኩላሊቶች አናት ላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያዛል፤ እነሱም አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፍጨት ሥራ ጋብ ይላል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ያለው ካላለፈ ነው። ሃንስ ሰልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 በኔቸር መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች የተለያየ ጉዳት ቢደርስባቸውም ሰውነታቸው ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ፣ ጉዳቱ ከቀጠለ ግን ውሎ አድሮ እንደሚዝል አሳይቷል።

ጭንቀት አፍ ውስጥ መግባቱ ቶሎ የሚታወቀው በምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ የምግብ ትርፍራፊን ያጥባል፣ የአሲድን ኃይል ያበርዳል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፎስፌትም ከጥርስ ገጽ የተሸረሸረውን ማዕድን ይተካል። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል የተባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል፤ ከምግብ በኋላ ፒኤቹን መልሶ ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ምራቅ ነው። በጭንቀት ጊዜ ግን ምራቅ ያንሳል፣ ይወፍራልም። ብዙ ሕዝብ ፊት ለመናገር የቆመ ሰው አፉ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ይህ ለግማሽ ሰዓት ቢሆን ጥርስ አይጎዳም፤ አፍ በየቀኑ ሲደርቅ ግን ጥርስ ከአሲድ የሚያገግምበት ጊዜ ያጣል፣ የአፍ ጠረንም ይለወጣል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ ለድባቴ የሚታዘዙ መድኃኒቶችም አፍ ስለሚያደርቁ፣ ጉዳቱ ከሕመሙ ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

ጥርስ ማፋጨት የቀንና የሌሊት ተብሎ ይለያል። የሌሊቱ ከእንቅልፍ መቆራረጥ፣ ከአልኮል፣ ከቡናና ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋርም ይያያዛል። ከጭንቀት ጋር ይበልጥ የሚቆራኘው የቀኑ ነው፤ ሰውየው ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳያውቀው ጥርሱን ነክሶ ይውላል። አፍ ባረፈበት ሰዓት ከንፈር ቢገጥምም የላይና የታች ጥርሶች መነካካት የለባቸውም። የሚነክሱ ሰዎች ጠዋት መንጋጋቸው ይደክማል፣ ጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ያማቸዋል፤ ውሎ ሲያድር ጥርሳቸው ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የተሞላውም ይሰበራል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ባደረገው ዳሰሳ፣ ከተጠየቁት ሐኪሞች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርስ የሚያፋጩ ታካሚዎች መብዛታቸውን ተናግረዋል።

በድድ ረገድ አብዛኛው ማስረጃ የሚያሳየው የተጨነቁ ሰዎች ድዳቸው የባሰ መሆኑን እንጂ ጭንቀቱ ብቻውን እንዳመጣው አይደለም። ከዚህ የጠነከረው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ሙከራ ነው። 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃቸው ላይ ሁለት ጊዜ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ቁስል እንዲደረግባቸው ፈቀዱ፤ አንዱ በክረምት ዕረፍት፣ ሌላው ከትልቅ ፈተና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። የፈተናው ሰሞን ቁስል ለመዳን በአማካይ ሦስት ቀን ዘገየ፤ በዕረፍቱ ጊዜ የዳነውን ያህል ፈጥኖ የዳነለት አንድም ተማሪ አልነበረም። ተማሪዎቹ ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዱ የተነጻጸረው ከራሱ ጋር መሆኑ ለውጤቱ ክብደት ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት በኒውዮርክ ግዛት ኢሪ ካውንቲ 1,426 ሰዎችን መርምሮ፣ የገንዘብ ችግር የሚያስጨንቃቸው ሰዎች የከፋ የድድ ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። ችግራቸውን ፊት ለፊት ገጥመው መላ የሚፈልጉት ግን እንደ ሌሎቹ አልተጎዱም። ጽንፍ የያዘው ምሳሌ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ከነበሩ ወታደሮች ስሙን ያገኘው የድድ በሽታ ነው፤ በጥርሶች መካከል ያለው ድድ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ይከረፋል። ፍርሃት፣ ድካም፣ የምግብ እጥረት፣ ሲጋራና ያልታጠበ ጥርስ አንድ ላይ የተገናኙበት ነበር።

በከንፈር ዳር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ በተለምዶ ምች የሚባለው ቁስል ደግሞ በፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ የሚኖር የሄርፒስ ቫይረስ ሥራ ነው። ጭንቀት ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ትኩሳትና ፀሐይም እንዲሁ፣ ስለዚህ ምችን ከፀሐይ ጋር ማያያዝ መሠረት የሌለው አባባል አይደለም።

የተጨነቀ ሰው ውሎ ራሱ ለጥርስ አይመችም። ማታ ሳይቦርሽ ይተኛል፣ ጣፋጭ ያዘወትራል፣ ሲጋራ ያበዛል። ለፈተና ወይም ለሌሊት ሥራ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ጫቱ አፉን እያደረቀው በስኳርና በለስላሳ መጠጥ ያወራርደዋል፤ ለጥርስ ከዚህ የከፋ ቅንጅት ማግኘት ይቸግራል።

የጥርስ ሐኪም በልክ የሚሠራው የሌሊት የጥርስ መከላከያ ጥርስን ከማለቅ ያድናል እንጂ መንከሱን አያስቀርም። ቀን የሚነክስ ሰው በየመሃሉ መንጋጋውን እያስተዋለ ማላላት ይችላል። ለደረቀ አፍ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ይመከራል። አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለጥርስ ሐኪሙ መንገር አለበት፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ወይም መቀየር ግን ያዘዘው ሐኪም ውሳኔ ነው።