ኮፓው ሲከፈት

አዲስ አበባ ላይ የመኪና ዘይት የሚቀየረው ባለቤቱ ማኪያቶ እየጠጣ ነው። መኪናውን ለማደያው ወይም ለጋራዡ ልጅ ይሰጣል፤ ሲመለስ መሪው አጠገብ በማርከር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ተንጠልጥላ ትጠብቀዋለች። ቀጣዩ ቅያሬ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ትነግረዋለች፣ በቃ። የወጣውን ዘይት አላየም። የገባውንም ከጀሪካኑ ቀለም ውጭ አያውቀውም። ፊልትሮው መቀየሩን በልጁ ቃል አምኖ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል።

ልጁ ያታልላል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ግን የሞተር ሆድ የሚከፈተው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያች ሰዓት ባለቤቱ ካፌ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ ዘይት መቀየርን ለገንዘብ ብሎ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይሰላቻል፤ የእጅ ዋጋው ከዘይቱና ከፊልትሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ትርፉ ማየቱ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ደጅ ላይ የቆመውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ በአዲስ እለውጠዋለሁ ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ያለው ሞተር መክረም አለበት።

ዘይቱ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከኮፓው መነሣት ይሻላል። ኮፓ ሞተሩ ሥር የተገጠመው ሳህን ነው፤ መኪናው ቆሞ ባደረ ጊዜ ዘይቱ በአብዛኛው እዚያ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን በወንፊት ስቦ በፊልትሮው አሳልፎ ወደሚሽከረከረው ዘንግ ወደ ኮሎው፣ ወደ ቢየላዎቹና ከላይ ወዳለው ቴስታታ በቀጫጭን ቦዮች ይገፋዋል። በደኅና ቀን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ኮሎውና የሚሽከረከርበት ብሮንዚና አይነካኩም፤ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ በመካከላቸው ገብቶ ያንሳፍፋቸዋል። ዘይቱ ከማለስለስ በተጨማሪ የፒስቶኑን ሙቀት ይሸከማል፣ ጥላሸቱን እንዳይረጋ አንጠልጥሎ ይይዛል፣ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን አሲድ ያመክናል። ቀድሞ የሚደክመው ለዚህ ሁሉ ሥራ የተቀላቀሉበት ኬሚካሎች ናቸው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ብዙ ሰው ታሳስታለች። እሷ የምትናገረው ስለ ግፊት ነው እንጂ ስለ መጠን አይደለም። እየተነዳ ከበራች ዘይቱ ወደ ኮሎው በሚፈለገው ጉልበት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ጋራዥ እስክደርስ የሚባልበት ጊዜ የለም፣ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ብቻ ነው። መጠኑን የሚናገረው መለኪያው ዘንግ ነው፤ እሱን ደግሞ ኮፈን ከፍቶ ካላዩት አይጮኽም።

ፊልትሮ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ዕቃ አይደለም። በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ፊልትሮ ቀርቶ የዘይት ፓምፕም አልነበረውም፤ ዘይቱ እየተረጨ ይደርስ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለመኪና የሚሆን የዘይት ማጣሪያ ሠርተው ፒዩሮሌተር አሉት። እኛ አገር በፍቅር የሚነዳው የድሮው ፎልክስ ደግሞ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ያለ ወረቀት ፊልትሮ ኖሯል፤ ሆዱ ሥር አንዲት የሽቦ ወንፊት አለችው፣ የሚይዘውም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ራዲያተር ስለሌለው ዘይቱ ከወትሮው በላይ ማቀዝቀዝ ይጠበቅበታል። የፎልክስ ባለቤቶች ዘይት ላይ የሚያሳዩት ጭንቀት ከዚህ ይመጣል፤ ልክም ናቸው።

የዛሬው ፊልትሮ ቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ውስጡ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት አለ። ሁለት ትንንሽ በሮችም አሉት፤ አንዳንዱ ሞተር ላይ አንደኛው በር ከፊልትሮው ውጭ ሊሆን ይችላል። አንዱ የጎማ ከንፈር ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ ይይዘዋል። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንድ የሚንኳኳ ሞተር አንዳንዴ ምክንያቱ የዚህ ጎማ መድረቅ ነው። ሁለተኛው በስፕሪንግ የተያዘ ነው፤ ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ይከፈትና ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፈዋል። ቆሻሻ ዘይት ከባዶ ይሻላል በሚል ስሌት ነው። ስለዚህ ዘይት ቀይሮ ፊልትሮውን መተው ቁጠባ አይደለም።

ገበያ ላይ ሰው የሚደናገረው ከጀሪካኑ ፊት ባለው ቁጥር ነው። 5ደብልዩ-30 ሲል ደብልዩዋ የክረምት ምልክት ናት፤ የፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በቅዝቃዜ ቶሎ ይፈሳል። የኋለኛው ውፍረቱን 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይናገራል። 15ደብልዩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ሞተር ለማስነሣት ተብሎ የተመዘነ ነውና በታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ዘይት ይረጋል ብሎ የሚፈራ አይኑር። የቀጠነው ግን ቴስታታው ላይ ቀድሞ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ወፍራም ዘይት ጠንካራ ነው የሚል እምነት አለና ለአዲሱም ለአሮጌውም 20ደብልዩ-50 የሚሞላ ሞልቷል። ዘይት የሚበላ ያረጀ ሞተር ላይ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። ቀጭን ዘይት ታስቦ በተሠራ ሞተር ላይ ግን ጠባቦቹ ቦዮች ውስጥ ሲጎተት ይውላል፣ ነዳጅም ያስበላል። ዳኛው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከኋላ የሚጻፈው የኤፒአይ ደረጃም ይታይ፤ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ ለቤንዚን ሞተር ኋለኛው የፊተኛውን ይተካል።

መቼ ይቀየር የሚለው ክርክር ሁልጊዜ በኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ግን በሰዓት ማሰብ እመርጣለሁ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሐዋሳ የሚመላለስ መኪና 5000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ የሠራው 71 ሰዓት ገደማ ነው። ከሜክሲኮ መገናኛ በመጨናነቅ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ለዚያው 5000 ኪሎ ሜትር 333 ሰዓት ሠርቷል። ካርቶኗ ላይ ያለው ቁጥር ለሁለቱም አንድ ነው። አምራቾቹም ይህን ያውቃሉ፤ መመሪያ መጽሐፎቻቸው አቧራ፣ አጭር ጉዞና ቆሞ መሥራት ለበዛበት መኪና ጊዜው እንዲያጥር ያዛሉ። አዲስ አበባ ሦስቱንም አሟልታለች።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩ ለብ እስኪል ጥቂት ደቂቃ ይነሣ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ የፈላ ዘይት ግን እጅ ይልጣል። መኪናው ሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ የኋላ ጎማው ድንጋይ ተደርጎለት ይቁም። አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይገባም። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ወፍራም የብረት ማቆሚያ ከሌለ ሥራውን መተው ወይም ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሄዶ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይሻላል፤ ብሎኬትማ በድንገት ነው የሚፈርሰው።

የኮፓው ቡሎን ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። ከላላ በኋላ በጣት ወደ ላይ እየገፉ ይፈታል፤ ጥርሱ ማለቁ ሲሰማ ፈጥኖ ወደ ጎን መንጠቅ ነው። ያለዚያ ዘይቱ ክንድን ተከትሎ እስከ ብብት ይወርዳል። መጀመሪያ ቀስት ሠርቶ ራቅ ብሎ ይወድቃልና ሳፋው ወደዚያ ይቀደም፣ ጉልበቱ ሲቀንስ ወደ ቀዳዳው ይጠጋ። ጓንት ይደረግ፤ ያገለገለ ዘይት ለቆዳ ካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶች አሉት።

ይህ ሁሉ የተለፋለት፣ የወጣውን ዘይት የማየቱ ሰዓት አሁን ነው። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይቱን በተቀየረ ማግሥት ያጠቁረዋል፣ ዘይቱ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ አጭር መንገድ እየበዛ ነው ወይም አንድ ካንዴላ በደንብ አያቃጥልም። ጥቂት ዘይት በነጭ ፕላስቲክ ክዳን ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማዘንበል ጥሩ ልማድ ነው። እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ ብረት እየተበላ ነው፤ የመዳብ መልክ ካለው ጥርጣሬው ወደ ብሮንዚናው ይሄዳል። የባሰ ጉጉት ያለው ፊልትሮውን ቆርጦ ወረቀቱን ይዘርጋ፤ ደቃቁ ብረት እጥፋቶቹ ውስጥ ተሰልፎ ይገኛል። በብረት መጋዝ ከቆረጡት ግን የመጋዙ ብናኝ ገብቶ ያሳስታል። በቆርቆሮ መቀስ ነው የሚከፈተው።

አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ፣ ጎሚኒው፣ አብሮት መውጣቱ በዓይን ይረጋገጥ። ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለቱ ጎሚኒዎች አይተሳሰሩም፤ ግፊት ሲመጣ አንዱ ይፈናጠርና ዘይቱ በአጭር ጊዜ አስፋልት ላይ ይደፋል። የአዲሱ ጎሚኒ አዲስ ዘይት ይቀባና በእጅ ይታሰራል፤ ብረቱን ከነካ በኋላ በአብዛኛው ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። በቁልፍ ጨምቆ የሚያስር ሰው ቀጣዩን ቀያሪ በካቻቢቴ በስቶ እንዲፈታው ይፈርድበታል።

ቡሎኑም እንዲሁ ነው። ሮንዴላው በየቅያሬው አዲስ ይሁን። ትንንሾቹ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ጥብቀቱ 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 19 ኪሎ ተንጠልጥሎ እንደማለት። በቧንቧ አስረዝሞ በሙሉ ክብደት መጫን ጥርሱን ያስበላል፤ ጥርሱ የተበላ ኮፓ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል፣ ባለቤቱም ሞተሩ ዘይት በላ ብሎ ያማል።

የኮሮላና የያሪስ 1500 ሲሲው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። ጀሪካኑ ግን 4 ሊትር ነው፤ ለምን ይተርፋል ብሎ ሁሉንም መገልበጥ የተለመደ ነው። ዘይት በጣም ሲበዛ ኮሎው እየመታ ያረፋዋል፤ አረፋ ደግሞ ንጣፍ አይሆንም። 3 ሊትር አፍስሶ መለኪያውን ማየት፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው። ሞተሩ ሲነሣ ቀይዋ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ትጥፋ፤ ሞተሩ ይጥፋና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ዘይቱ እንደገና ይለካ፣ አዲሱ ፊልትሮ ድርሻውን ጠጥቷልና። ከሥር ጎንበስ ብሎ የሚያንጠባጥብ ካለ ማየትም እዚሁ ላይ ነው።

ሳፋ ውስጥ የቀረው የተቃጠለ ዘይት ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ መኪና አንድ ቅያሬ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጉድጓድ ውኃ ወይም ጎመን ባለበት ግቢ ግን ባይሞከር ይሻላል፣ በመሬት ውስጥ የሚሰርገው ያው ብረትና መርዝ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን በዚህ ይቀናባቸዋል፤ አውቶዞንን የመሰሉ የመለዋወጫ መደብሮች አሮጌውን ዘይት በነፃ ይቀበላሉ። የእነሱ ችግር ብዙ የአፓርታማ ግቢ መኪና ሥር መተኛትን መከልከሉ ነው። እዚህ ግን በርሜል ያለው ጋራዥ ለምኖ እዚያ መገልበጥ ነው። ፊልትሮው አፉ ወደ ታች ተደርጎ ጀሪካን ላይ ይደር፤ ገና ብዙ ዘይት ይወጣዋል።

አዲሱ ዘይት የመጣበት ባዶ ጀሪካንም ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት በምስማር ይበሳ፤ ደኅና ክዳንና ደኅና ጽሑፍ ያለው ጀሪካን ምን ተሞልቶበት ገበያ እንደሚመለስ አይታወቅም።