ስለ ቼዝ እንቆቅልሽ የደረጃ ቁጥር ለወላጆች የሚጠቅም ማስረጃ

ሰንጠረዥ በአገራችን በመኳንንት ቤት ሲጫወቱት የኖረ የብልሃት ጨዋታ ነው። የእርሱ ዘመድ የሆነው ቼዝ ደግሞ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ፥ ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት እስከ ልጆች የእጅ ስልክ ድረስ ደርሷል። ልጆችም ሙሉውን ጨዋታ ከመጫወት ሌላ እንቆቅልሽ የሚባለውን ይፈታሉ። ይኸውም አንድ ጨዋታ ከመካከሉ ተቆርጦ፥ ንጉሡም ሠራዊቱም ባሉበት እንደ ቆሙ፥ «ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚሻለው እርምጃ የትኛው ነው?» ተብሎ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ልጁ መልሱን በሰጠ ጊዜ በስሙ አንጻር የተጻፈው ቁጥር፥ ቢያገኝ ከፍ፥ ቢስት ዝቅ ይላል። ይህ ቁጥር በውጭ አገር ቋንቋ ሬቲንግ ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የደረጃ ቁጥር እንለዋለን።

ወላጅ ይህን ቁጥር አይቶ ልጁን ሊያመሰግነው ወይም ሊገሥጸው፥ ከወንድሙም ጋራ ሊያወዳድረው ይችላል። ነገር ግን የመለኪያውን ጠባይ ሳያውቁ በመለኪያ መፍረድ፥ የቁናውን ልክ ሳይጠይቁ እህል እንደ መሸመት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚናገር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

የአሠራሩን መሠረት የጣሉት በሃንጋሪ አገር በ1903 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወልደው በአሜሪካ ያደጉት፥ በሚልዋኪ ከተማ የፊዚክስ መምህር የነበሩት አርፓድ ኤሎ ናቸው። ስሌታቸውን የአሜሪካ የቼዝ ማኅበር በ1960፥ ፊዴ የተባለው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 ተቀበለው። የስሌቱም ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የሁለት ተጫዋቾች ቁጥር ሲታወቅ፥ ከውድድሩ በፊት ማን ምን ያህል እንደሚያሸንፍ መገመት ይቻላል። ቁጥራቸው እኩል የሆነ እንደ ሆነ ነጥቡን እኩሌታ ይካፈላሉ ተብሎ ይጠበቃል። አንዱ በ200 ቢበልጥ ከ100 ነጥብ 76 ያህሉን፥ በ400 ቢበልጥ 91 ያህሉን ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ከውድድሩ በኋላ የተጠበቀውና የሆነው ተነጻጽረው ቁጥሩ ይታረማል።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ቢበዛ 20 ነው እንበል። አንድ ሰው እኩያውን ቢያሸንፍ 10 ይጨመርለታል፤ ቢሸነፍም 10 ይቀነስበታል። በ200 የሚበልጠውን ቢያሸንፍ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሠርቷልና 15 ያገኛል፤ ቢሸነፍ 5 ብቻ ያጣል። በ200 የሚያንሰውን ቢያሸንፍ ደግሞ 5 ብቻ ያገኛል፤ ቢሸነፍ 15 ያጣል። እንግዲህ ቁጥሩ የድል ብዛት ሳይሆን፥ ማንን እንዳሸነፈና በማን እንደ ተሸነፈ የሚናገር ነው።

በእንቆቅልሽ ጊዜ ግን ከልጁ ፊት የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ባላጋራው ራሱ እንቆቅልሹ ነው። ለምሳሌ በ2010 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቲቦ ዱፕሌሲ የተባለ ፈረንሳዊ የመሠረተውን፥ ሊቼስ የተባለውን ነጻ የቼዝ ድረ ገጽ እንመልከት። በዚያ የሚገኙት እንቆቅልሾች ሰዎች በእውነት ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች በኮምፒውተር ተመርምረው የወጡ ሲሆኑ፥ ብዛታቸው ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል። ለእያንዳንዱም እንደ ሰው ሁሉ የደረጃ ቁጥር አለው። ልጁ ቢፈታው ልጁ አሸነፈ፥ እንቆቅልሹ ተሸነፈ ተብሎ የሁለቱም ቁጥር ይታረማል። ከሦስት እርምጃ ሁለቱን አግኝቶ ሦስተኛውን ቢስት እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል እንጂ እኩሌታ ነጥብ አይሰጠውም። ስለዚህ የእንቆቅልሹን ክብደት አንድ መምህር ተቀምጦ የሚወስነው አይደለም፤ የፈቱትና የሳቱት ሰዎች ሁሉ በአንድነት ይፈርዱበታል። እጅግ ብዙ ሰው ከሞከረው በኋላም ቁጥሩ ይረጋል።

ይህ ድረ ገጽ የሚሠራበት ስሌት የኤሎን ሐሳብ ማርክ ግሊክማን የተባሉ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ያሻሻሉት ነው። እርሳቸው በቁጥሩ ላይ የጨመሩት ዋና ነገር የእርግጠኝነት ልክ ነው። ልጁ ገና ጀማሪ የሆነ እንደ ሆነ ወይም ለብዙ ጊዜ ሳይጫወት የቆየ እንደ ሆነ ስሌቱ ችሎታውን በደንብ አላወቀውምና፥ ቁጥሩ በትልቅ እርምጃ ይወጣል፥ በትልቅ እርምጃም ይወርዳል። አዘውትሮ ሲጫወት ግን እርምጃው እያነሰ ይሄዳል። የአንድ ልጅ ቁጥር 1600፥ የስሕተቱ ልክ 50 ቢሆን፥ እውነተኛው ችሎታው ከ1500 እስከ 1700 ባለው መካከል ይገኛል ማለት ነው፤ ይህም ከመቶ 95 እጅ የሚታመን ነው። እንግዲህ 1600 ያለው ልጅ 1580 ካለው ወንድሙ ይበልጣል ማለት ከስሌቱ የማይገኝ ፍርድ ነው።

ከዚህ በላይ ከተባለው ወላጅ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛው፥ ልጁ ከእኩያው እንቆቅልሽ ጋራ ሲገናኝ እኩሌታውን ይስታል ተብሎ አስቀድሞ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ከአሥር አምስቱን ቢስት ስንፍና አይደለም፤ በተገባው ቦታ ላይ መቆሙን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ሁለተኛው፥ ቁናው ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ ሁሉ ይህም ቁጥር ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ይለያያል። በሊቼስ ዘንድ ለማሰብ የፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ቼስ ቴምፖ በተባለው ዘንድ ግን ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ በአንደኛው ጊዜ አይቆጠርም፥ በሁለተኛው ፈጥኖ ያገኘ ይበልጥ ይጠቀማል። ስለዚህ በአንዱ የተገኘውን ቁጥር በሌላው ከተገኘው ጋራ ማወዳደር አይገባም።

ሦስተኛው፥ የእንቆቅልሽ ቁጥርና የጨዋታ ቁጥር አንድ አይደሉም። እንቆቅልሹ ሲቀርብ «እዚህ የተሰወረ ነገር አለ፥ ፈልግ» ብሎ አስቀድሞ ይነግራል። በጨዋታ ጊዜ ግን የሚነግር የለም፤ ዕድሉ መቼ እንደ መጣ ራሱ ተጫዋቹ ማወቅ አለበት። በእንቆቅልሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ልጅ በጨዋታ ቢሸነፍ ስለዚህ ሊያስደንቅ አይገባም።

ቁጥሩ የልጁ ክብር ሆኖ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ጉዳት ይመጣል። አንዱ ልጅ ቁጥሩ እንዳይወርድበት ፈርቶ መሞከሩን ይተዋል። ሌላው ቶሎ ከፍ ለማለት ሳያስብ በግምት ይነካል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከዚያ ምንም ትምህርት አያገኝም። ስለዚህ ወላጅ ማታ ልጁን «ዛሬ ስንት ደረስህ?» ከማለት ይልቅ «ይህን እርምጃ ስለ ምን መረጥህ? ባላጋራህስ ምን ሊመልስ ይችላል?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል። ማወዳደርም ካስፈለገ ልጁን ከብዙ ወራት በፊት ከነበረው ከራሱ ጋራ፥ ያውም በዚያው ድረ ገጽ ላይ ያወዳድረው። ልጁ መሳቱ አሳዝኖት ተስፋ የቆረጠ እንደ ሆነ፥ ቀለል ያለውን እንዲመርጥለት ማዘዝ ይቻላል፤ ከቁጥሩ በ300 የሚያንስ እንቆቅልሽ ቢሰጠው በስሌቱ መሠረት ከ100 እስከ 85 ድረስ ይፈታል ተብሎ ይጠበቃል። ቁጥሩ ሳይመዘገብ መለማመድም የተፈቀደ ነው።

የደረጃ ቁጥር የተሠራው ለልጁ የሚመጥነውን የሚቀጥለውን ጥያቄ ለመምረጥ ነው። ለዚህ ሥራው የታመነ አገልጋይ ነው። የልጅን አእምሮ ግን በሙሉ መዝኖ የሚፈርድ ዳኛ አድርጎ የሚሾመው ሰው፥ ያልተሰጠውን ሥልጣን መስጠቱን ይወቅ።