ስማርት ሪሌይና የመሬት መስመር፦ ተረቱና እውነታው
በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በቀድሞው ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ ቤት ሠርቶ መብራቱን ከእጅ ስልኩ ለማዘዝ የሚሻ ሰው፣ ሶኖፍ ወይም ሼሊ የተባለውን፣ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማይበልጠውን ስማርት ሪሌይ ገዝቶ ከማብሪያው በስተኋላ በሰወረው ጊዜ፣ ቤቱ ዘመናዊ ብቻ ሳይሆን ከአደጋም የተጠበቀ የሆነ ይመስለዋል። ከተረቶቹ ሁሉ በኵሩ ይህ ነው። ሪሌይ ትእዛዝ ሲደርሰው መስመሩን ይገጥማል፣ ይለያያል፤ በፍሪጅ ወይም በምጣድ አካል ላይ ያፈተለከውን ኃይል ወደ ምድር መመለስ ግን ለእርሱ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። ብዙዎቹ ሪሌዮች አካላቸው ፕላስቲክ ስለ ሆነ የኧርዝ (የመሬት መስመር) ማሰሪያ የላቸውም፤ ገዢው ይህን አይቶ «እንግዲያስ ኧርዝ አያስፈልግም» ቢል፣ የዕቃውን ባሕርይ ከቤቱ ባሕርይ ጋር መደባለቁ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ስሕተት አለ። በብዙ ቤት ማብሪያው ዘንድ የሚደርሰው ኃይሉን የሚያመጣው ፌዝና ወደ አምፑሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ሲሆን፣ ኃይሉን የሚመልሰው ኒውትራል በማከፋፈያው ሣጥን ወይም በአምፑሉ ዘንድ ይቀራል፤ ሪሌዩ ግን ሌት ተቀን ነቅቶ ትእዛዝ የሚጠብቅ ነውና ለራሱ ምግብ የሚሆን ጥቂት ኃይል ስለሚሻ ኒውትራል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ፣ «ኒውትራልም ኧርዝም ፍጻሜያቸው ያው መሬት ነው» በሚል ፍልስፍና ኧርዙን በኒውትራል ስፍራ ያሰረ ባለ ሙያ፣ ሪሌዩ ወዲያው ሲሠራ አይቶ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ሽቦ አንድ ቀን በመሬት ከተቀበረው የኧርዝ ዘንግ ላይ ዝጎ ወይም ላልቶ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ በሪሌዩ በኩል ያለፈው ኃይል መሄጃ አጥቶ፣ በዚያው ኧርዝ ወደ ተያያዙት የብረት ዕቃዎች ሁሉ ይደርሳል፤ እንጀራ ልትጋግር የቀረበችውን እመቤትም ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሽቦ ራሱ ይመታታል። መፍትሔው ሪሌዩን ኒውትራል ባለበት በማከፋፈያው ሣጥን ማኖር ወይም አዲስ ሽቦ መሳብ ነው። ኒውትራል የማይሻ ዓይነትም አለ፤ ሆኖም በኤልኢዲ አምፑል ላይ ባይፓስ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ካልታከለ፣ አምፑሉ ጠፍቶም ብልጭ ድርግም ሲል ሊያድር ይችላል።

ስለ ዘንጉም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ከተቀበረ ነገሩ ተፈጸመ ማለት አይደለም። የጊንጪ ጥቁር ኮትቻ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይርቃል፤ ስለዚህ በነሐሴ የተገኘው የዘንጉ የኦም ልኬት በየካቲት ላይገኝ ይችላል። ጨውና ከሰል መጨመርም ጊዜያዊ ነው፤ ጨዉ በዝናብ ይታጠባል፣ ብረቱንም ይበላል። ይልቁንም ሊታሰብ የሚገባው፣ 20 ኦም የተለካ ዘንግ በ220 ቮልት ቢበዛ 11 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ ጥበቃው በዘንጉ ብቻ የተመሠረተ እንደ ሆነ፣ 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ፍሳሹን እንደ ተራ ጭነት ቆጥሮ ዝም የሚል መሆኑ ነው። ብሬከር የተሠራው ለሽቦው ነው፤ ለሰው ነፍስ የተሠራው በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ መስመሩን የሚቆርጠው አርሲዲ ነው፤ እርሱን ሳይገዙ ሪሌይ መግዛት ቅደም ተከተልን መገልበጥ ይመስለኛል።

ምርጫውን በተመለከተ፣ በሪሌዩ ላይ የተጻፈው 10 ወይም 16 አምፔር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት የተነገረ ነው። የውኃ ፓምፕ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድም ለብቻው 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፣ ያውም ለሰዓታት። ለእነዚህ ሪሌዩ ኮንታክተር የተባለውን ትልቅ ማብሪያ ብቻ ይዘዝ፤ ከባዱን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም። (ምጣድን ከሩቅ ማብራት ምን ጥበብ እንደ ሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይገባኝም።) መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ደግሞ፣ ኃይል ሲመለስ ሪሌዩ በምን ሁኔታ እንዲነሣ አስቀድሞ መወሰን ይገባል፤ ለበረንዳ አምፑል እንደ ነበረ ቢመለስ ግድ የለም፣ ለፓምፕ ግን ባለቤቱ እስኪያዝዝ ድረስ ጠፍቶ እንዲቆይ ይደረግ።