ዋንጫውን ለማንሳት 22 የውድድር ዘመናት የጠበቀው ተጫዋች

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ታላቅ ተጫዋች መባልና ሻምፒዮን መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የካናዳዊውን ተከላካይ የሬይ ቡርክን ያህል ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያዳግታል።

የሞንትሪያሉ ተወላጅ ቡርክ በ1979 እ.አ.አ. የቦስተን ብሩይንስን ማልያ ሲለብስ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በኋላም አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሆኖ ተመረጠ። በመደበኛው ውድድር 410 ጎል አስቆጥሮ 1,169 ለጎል አመቻችቷል። በዚህ ስፖርት ሁለቱም ለተጫዋቹ አንድ አንድ ነጥብ ስለሚያስገኙ ድምሩ 1,579 ይሆናል፤ እስካሁን ይህን ያህል ያስመዘገበ ሌላ ተከላካይ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ለስታንሊ ዋንጫ አያበቃም። መደበኛው ውድድር የሚለየው በጥሎ ማለፉ የሚሳተፉትን 16 ቡድኖች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዙሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ እየተገናኙ ቀድሞ አራት ያሸነፈው ያልፋል። ዋንጫ የሚነሣው ሁለት ወር ገደማ በሚፈጅ ፍልሚያ 16 ድል ላገኘ ቡድን ነው። አቻ መለያየት የለም፤ አንዱ ጎል እስኪያገባ ድረስ ተጨማሪ 20፣ 20 ደቂቃ ይታከላል።

ቡርክ ይህን መራራ ሕግ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1990 የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሁለቱንም የቦስተን ጎሎች ያስቆጠረው እርሱ ነበር። ኤድመንተን ግን በሦስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ በኋላም ዋንጫውን ወሰደ። ከሁለት ዓመት በፊትም ቦስተንን በፍጻሜው ያሸነፈው ይኸው ኤድመንተን ነበር።

መጋቢት 2000 ላይ፣ በ39 ዓመቱ፣ ቦስተን በራሱ በቡርክ ጥያቄ ወደ ኮሎራዶ አቫላንች አዛወረው። በቀጣዩ ዓመት ኮሎራዶ በፍጻሜው በኒው ጀርሲ 3 ለ 2 ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፈ። ሰኔ 9/2001 የተካሄደው ወሳኙ ጨዋታ ለቡርክ፣ ጥሎ ማለፉን ጨምሮ፣ 1,826ኛው ነበር።

በልማዱ ዋንጫውን ቀድሞ ከፍ የሚያደርገው አምበሉ ነው። የኮሎራዶው አምበል ጆ ሳኪክ ግን እንደተቀበለ ወዲያው ለቡርክ አሳልፎ ሰጠው።

ከቀናት በኋላ ቡርክ ዋንጫውን ይዞ ወደ ቦስተን ሄደ። በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አደባባይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰብስበው ሌላ ክለብ ያገኘውን ድል አከበሩለት፤ በስፖርቱ ዓለም እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። በዚያው ክረምት ጫማውን ሰቀለ።