ከልክ ያለፈ አበላልና የአንጎል የደስታ መስመር

ከልክ ያለፈ የአበላል ሕመም ሆዳምነት አይደለም። ታማሚዋ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ትበላለች፤ ማቆም ያቅታታል፤ አዘውትራም ተደብቃ በልታ ታፍራለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል፤ መለኪያውም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለ3 ወራት መደጋገሙ ነው።

ሕመሙ ከአንጎል የደስታ መስመር ጋር ይያያዛል፤ ደስ የሚል ነገር ሲጠበቅ በዚህ መስመር ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል። ይህ መስመር በጉርምስና ዕድሜ እጅግ ንቁ ነው፤ ግፊትን የሚገታው የግንባር ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መብሰሉን ይቀጥላል። ረኃብ ደግሞ የምግብን ማራኪነት ያጎላል። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች ለወራት ምግብ ተቀንሶባቸው ነበር፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ አንዳንዶቹም በኋላ ያለ ልክ በሉ። ለመክሳት ብላ ራሷን የምታስርብ ልጃገረድ ላይም ይኸው ግፊት ይበረታል።

ጾም በሚዘወተርባቸው እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባሉ አካባቢዎች ጉዳዩን ከጾም መለየት ያስፈልጋል። 55 ቀን ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ጠግቦ መብላት ሕመም አይደለም፤ ማዕዱ የጋራ ነው፣ እፍረትም የለበትም። ልጅቱ ግን ከጾሙ ውጭም ምግብ የምትሸሽ፣ ሌሊት ብቻዋን የምትበላ፣ በልታም የምታስመልስ ከሆነ ቁጣ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋታል። ሕክምናው በዋናነት አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም ምክክር ነው፤ ምግብን በተወሰነለት ሰዓት፣ ሳይዘሉ መብላትም የዚሁ አካል ነው።