በዓሉ መስከረም፣ ዕረፍቱ ክረምት

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ቤተሰብ የሚሰባሰበው መቼ እንደሆነ የሚጠራጠር የለም። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን የሚያከብሩት በመስቀል ሰሞን ነው። ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ከወራት በፊት ጀምረው በማኅበር ይቆጥባሉ። እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ወንጂና መተሐራ የወረደ ሁሉ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይነሣል። የመንግሥት የቀን አቆጣጠር ግን ለዚህ ጉዞ ቦታ አልተወለትም። በአዋጅ ሥራ የሚዘጋው መስከረም 17 አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ደርሶ መመለሻ እንጂ መሰንበቻ አይሆንም። ተማሪ ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ በከበደበትና የገጠሩ መንገድ ጭቃ በሆነበት ወቅት ነው። ደመራ ሊለኮስ ሲል ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነው።

ችግሩ የፈቃድ ቀን ማነሱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት አለው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ለበዓሉ ይበቃል። አስቸጋሪው የቀናቱ አለመገጣጠም ነው። የፈቃዱን ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው በመሆኑ ለአባት የተፈቀደው ሳምንት ለእናት ላይፈቀድ ይችላል፤ ለሁለቱም ቢፈቀድ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወይ ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፣ ወይ አያቶቹን ሳያይ ዓመቱ ያልፋል። ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛውና ጉሊት ቸርቻሪዋ ደግሞ አዋጁም አይደርስላቸውም፤ አገር ቤት የሚሰነብቱበት እያንዳንዱ ቀን ከገቢያቸው የሚቀነስ ነው።

ለየብሔረሰቡ በዓል ትምህርት ከተዘጋ የመማሪያ ቀን አይተርፍም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም ጥያቄው ቀን እንዲጨመር አይደለም። ከአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጥቂት ቀናት ተቀንሰው ወደ መስቀል ቢዛወሩ ድምሩ ያው ነው። ሆሳዕናን ዋና መቀመጫው አድርጎ በ2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የትምህርት ካላንደሩን ሲያወጣ ይህን ማድረግ ይችላል። በገጠሩ ብዙ ወንበር የሚሞላው ከመስቀል በኋላ መሆኑን መምህራን ያውቁታል፤ ሳይታቀድ ከሚባክን ጊዜ ታቅዶ የተሰጠ ዕረፍት ይሻላል። ጀርመንም 16ቱ ክልሎቿ የበጋ ዕረፍታቸውን በተለያየ ጊዜ እንዲጀምሩ ታደርጋለች፤ አገሪቱ አንድነቷም ትምህርቷም አልተናጋም።

ይህ የክልሉ ካላንደር ለውጥ ግን አዲስ አበባ ወይም ወንጂ ለሚማር ልጅ አይደርስም፤ እዚያ ያለው ቁልፍ በአሠሪው እጅ ነው። የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ዝናብ ሲበረታ አገዳ መፍጨት አቁመው ጥገና ላይ ስለሚሰነብቱ፣ ቢያንስ ለአገዳ ቆራጩ የመስከረም ፈቃድ ሥራ የሚያስተጓጉል አይመስለኝም። በሌላውም መሥሪያ ቤት የፈቃድ ፕሮግራም የበጀት ዓመቱ በሚጀምርበት በሐምሌ ቢወጣ፣ ባልና ሚስት ቀናቸውን አስማምተው፣ ከልጆቻቸው መምህራን ጋር ተነጋግረው፣ የአውቶቡስ ትኬታቸውንም ወረፋው ሳይበዛ መቁረጥ ይችላሉ።